የስኳርና የግፊት ሕሙማን ቁጭ ብለው የሚውሉበትን ሰዓት በስልክ ክትትል መቀነስ፦ ከየት ይጀመራል?

ክትትል_ክፍል

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ የስልክ ክትትል ለምትሠሩ ነው። የ2ኛው ዓይነት ስኳርና የደም ግፊት ሕሙማን ለመድኃኒት በሁለት በሦስት ወር አንዴ ብቅ ይላሉ፤ በመካከል ያለውን ጊዜ ማንም አያየውም። እኛ እየደወልን ቁጭ ብለው የሚውሉበትን ሰዓት ማሳነስ ነው የፈለግነው። ስፖርት ማለቴ አይደለም። «በቀን 30 ደቂቃ ይራመዱ» የሚለውን ሁሉም ሰምቶታል፤ የሚያደርገው ያደርጋል፣ የማያደርገው አያደርግም።

በመጀመሪያው ጥሪ ምን ይጠየቃል? በየስንት ጊዜው ይደወላል? ያለ መሣሪያ እንዴት ይለካል? ማን ላይ ነው መጀመር የሌለበት? አብዛኞቹ የያዙት ተራ ስልክ ነው። ቴሌግራም አለኝ የሚሉትም ብዙ ጊዜ የልጃቸውን ስልክ ማለታቸው ነው።

ፊዚዮ_ጣና

ሁለቱን ነገሮች መለየታችሁ ጥሩ ነው፤ ብዙ ፕሮግራም የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው። ጠዋት ግማሽ ሰዓት ተራምዶ ከዚያ 11 ሰዓት ሙሉ የሚቀመጥ ሰው እንቅስቃሴውን አሟልቷል፣ መቀመጡን ግን አልነካውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ ስኳርና ግፊት ላለባቸውም ሁለቱን ለየብቻ ነው የሚያስቀምጣቸው፦ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ከዚያ ውጭ ደግሞ የመቀመጫ ጊዜን መቀነስ። ለመቀመጡ የሰዓት ገደብ አላስቀመጠም። ስለዚህ «ከ8 ሰዓት በላይ አይቀመጡ» ብላችሁ ከራሳችሁ ቁጥር አታውጡ።

ለመጀመሪያው ጥሪ 20 ደቂቃ መድቡ። «በቀን ስንት ሰዓት ይቀመጣሉ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም። ማንም አያውቀውም፤ የሚገምተውም አሳንሶ ነው። ይልቁንስ የትናንቱን ቀን በቁራጭ በቁራጭ አስተርኩ። ከእንቅልፍ እስከ ቁርስ፣ ከቁርስ እስከ ምሳ፣ ከምሳ እስከ መክሰስ፣ ከዚያ እስከ መኝታ። በእያንዳንዱ ላይ ሦስት ጥያቄ ብቻ፦ የት ተቀመጡ? ምን አስነሳዎት? ከተነሱ በኋላ ስንት ሰዓት ላይ ተመልሰው ተቀመጡ? ትናንት እሑድ ወይም በዓል ከነበረ የሥራ ቀን ጨምራችሁ ጠይቁ።

ከዚህ ውስጥ መዝግባችሁ የምታስቀሩት አንድ ነገር ነው፦ ሳይነሱ የቆዩበት ረጅሙ ጊዜ። የት ወንበር ላይ፣ በስንት ሰዓት፣ ከማን ጋር። ጠቅላላ ድምሩ አያስተማምንም፣ ያንን ረጅሙን ቁራጭ ግን ሰውየው በትክክል ያስታውሰዋል። ከምግብ በኋላ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ እሱን ምረጡ። የእግር ጡንቻ ሲኮማተር ኢንሱሊን ባይኖርም እንኳ ስኳር ከደም ይወስዳል፤ ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት ይህ በጣም የሚጠቅምበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት 24 የ2ኛው ዓይነት ስኳር ሕሙማንን በየ30 ደቂቃው ለ3 ደቂቃ አስነስቶ፣ በዝግታ ሲራመዱም ሆነ ቆመው ተረከዝ ሲያነሱና ጉልበት በከፊል ሲያጥፉ ከምግብ በኋላ የሚወጣው ስኳር ዝቅ ማለቱን አሳይቷል። ይህ የአንድ ቀን የቤተ ሙከራ ውጤት ነው። ለሕሙማን «የሦስት ወሩ ስኳርዎ ይወርዳል» ብላችሁ ቃል የምትገቡበት አይደለም።

ነርስ_ሀዋሳ

«ማን ላይ ነው መጀመር የሌለበት» የሚለውን ልመልስ። መነሳት ቀላል ስለሚመስል ይህ ክፍል እየተዘለለ ነው።

መጀመሪያ መድኃኒቱ። ከስኳር መድኃኒት ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ሰው በመነሳትና በመራመድ ስኳሩ ይወርድበታል ተብሎ ብዙ አይፈራም። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ፣ ሕሙማኑ ዳኦኒል የሚሉት፣ የሚወስድ ከሆነ ግን ይፈራል። የስኳር መለኪያ ካለው፣ ከመራመዱ በፊት ስኳሩ ከ90 (ሚ.ግ/ዴ.ሊ) በታች ከሆነ ትንሽ ይቅመስ። ከ70 በታች ከሆነ መራመድ የለም፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ወይም ማር ይውሰድና ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለካ። ይህንን በጥሪው ላይ ነግሮ ማለፍ አይበቃም፣ መልሶ እንዲነግራችሁ አድርጉ።

ሁለተኛ እግር። «እግርዎን ይደነዝዝዎታል? ነጠላ ጫማው ወልቆ ሳያውቁት ሄደው ያውቃሉ? ቁስል አለ?» ቁስል ካለ ቆሞ የሚሠራ ነገር ሁሉ ይቆማል፣ ሐኪም ይየው። የሚደነዝዘው ሰው ቤት ውስጥም በባዶ እግሩ አይሂድ፣ ጫማውን ከማጥለቁ በፊት ውስጡን በእጁ ይዳስስ።

ሦስተኛ ሲነሱ የሚወርድ ግፊት። በተለይ ውሃ የሚያስሸና መድኃኒት የሚወስዱና ስኳሩ የቆየባቸው። ቤት ውስጥ መለኪያ ካለ፦ 5 ደቂቃ ተጋድመው ይለኩ፣ ተነስተው በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ይለኩ። የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ለሐኪሙ ይነገር። መለኪያ ከሌለ «ሲነሱ ዓይንዎ ይጨልማል?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ይነግራችኋል። እነዚህ ሰዎች ከመነሳታቸው በፊት ተቀምጠው ቁርጭምጭሚታቸውን ከ10 እስከ 15 ጊዜ ወደ ላይ ወደ ታች ያንቀሳቅሱ፤ ተነስተው ደግሞ ወንበሩን ይዘው ትንሽ ይቁሙ።

የደረት ሕመም፣ ተቀምጦ እያለ የሚመጣ ትንፋሽ ማጠር፣ የልብ ድካም ያለበት ሰው በ3 ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመረ ደግሞ፣ ይህ የአሰልጣኝ ሥራ አይደለም። ጥሪውን እዚያው አቁማችሁ ወደ ጤና ተቋም ላኩ።

አዳማ_አሠልጣኝ

ፊዚዮ_ጣና በየ30 ደቂቃው ያሉት ለቤተ ሙከራ ይሠራል። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበርም የሚመክረው ይህንኑ መሆኑን አውቃለሁ። በስልክ ክትትል ግን በየግማሽ ሰዓቱ የሚጮህ ማንቂያ ሳምንት አይቆይም። መጀመሪያ ድምፁ ይቀነሳል፣ ቀጥሎ ይጠፋል፣ ከዚያ ሰውየው ስልካችሁንም ማንሳት ያቆማል።

መነሳቱን ቤት ውስጥ ባለ ነገር ላይ እሰሩት። ዜና አለቀ፣ ይነሳሉ። ስልክ ተደወለ፣ ቆመው ያወራሉ። ቡና የሚፈላበት ቤት ከሆነ ክፍፍሉ ተሠርቶ ይጠብቃችኋል፦ አቦል ተጠጥቶ ቶና እስኪደርስ አንዴ ይነሳሉ፣ ከቶና እስከ በረካ አንዴ። ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚፈጀው ቁጭታ በሦስት ተቆረጠ ማለት ነው። እዚህ ላይ የሚያሰናክለው በርጩማው ነው። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ከዚያ ዝቅታ መነሳት ስለሚከብደው አንዴ ከተቀመጠ አይነሳም። ከፍ ያለ ወንበር ይሰጠው፤ ይህን ለቤቱ ሰው ነው የምትነግሩት።

ለሙስሊም ሕሙማን ሶላት ጥሩ ምሰሶ ነው፤ ግን ክፍተቱን እዩ። ከሱብሒ እስከ ዙህር ያለው በጣም ረጅም ነው፣ ሥራችሁ እዚያ ላይ ነው። ከዓስር እስከ ኢሻ ያለው ቀድሞውኑ የተቆራረጠ ነው።

አንድ የሚፈራ ርዕስ ልጨምር፦ ጫት። ሐረር፣ ድሬዳዋ፣ ጅማ አካባቢ የምትደውሉ ከሆነ ከምሳ በኋላ ያለው ረጅሙ ቁጭታ እሱ ሊሆን ይችላል። ሳትወቅሱ ጠይቁ፤ ከወቀሳችሁ «እሱን ትቻለሁ» ይባላል፣ ነገሩም ያልቃል። ግፊትና የልብ ምት ይጨምራል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ኢንሱሊን ወይም ዳኦኒል ወስዶ ምሳ የዘለለ ሰው ላይ ነርስ_ሀዋሳ ያሉት የስኳር መውረድ ይመጣል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ፦ በመጀመሪያ ምሳው፣ ቀጥሎ መነሳቱ።

ፊዚዮ_ጣና

ማንቂያውን በተመለከተ እስማማለሁ። 30 ደቂቃው የናንተ መለኪያ ይሁን፣ ለሕሙማኑ የምትሰጡት ትእዛዝ አይሁን። ሦስት ሰዓት ሳይነሳ የነበረ ሰው በየሰዓቱ መነሳት ከጀመረ ብዙ ተሻሽሏል።

የቤት_ለቤት

እስካሁን ያልተነሳው፣ በእኔ እይታ ግን ትልቁ ጉዳይ ቤተሰቡ ነው። እኛ አገር የታመመ ሰው አይነሳም። ውሃውን ልጅ ታመጣለታለች፣ ሪሞቱን ልጅ ያቀብላል፣ ለመነሳት ሲሞክር «አባባ፣ ተዉ እባክዎ፣ እኔ አለሁ አይደል» ይባላል። ይህ ፍቅር ነው፣ አክብሮትም ነው። ለዚያ ነው በስልክ «ይነሱ» ማለት ብቻውን የማይሠራው፤ ሕመምተኛው ቢነሳ ቤተሰቡ የተሰደበ ይመስለዋል።

ሁለተኛውን ጥሪ ከቤተሰቡ ጋር አድርጉት። ስልኩ ላውድ ላይ ይሁን፣ ሕመምተኛው እየሰማ ለአስታማሚዋ ተናገሩ። አካሄዱ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ አመስግኑ። ቀጥሎ ምክንያቱን ባጭሩ፦ «እግራቸው ሲሠራ ስኳሩን ይበላዋል፣ ሲቀመጡ ደም ውስጥ ይቆያል»። ከዚያ ሥራዋን አትቀሟት፣ ለውጡላት፦ «ውሃውን አታምጪላቸው፤ አብረሽ ሂጂ»። በመጨረሻ ሕመምተኛው ራሱ እሺ ማለቱን በድምፁ ይንገራት። እሷን ነፃ የሚያደርጋት የእሱ ቃል ነው።

ከዚያ ዕቃ አንቀሳቅሱ። የውሃ ጆጉ ከወንበሩ ቢያንስ 10 እርምጃ ይራቅ፣ የስልክ ቻርጀሩ ሌላ ክፍል ይሂድ፣ የምሽት መድኃኒቱ ከአልጋው አጠገብ ይነሳ። መድኃኒት ስታርቁ ግን ተጠንቀቁ፦ የሚረሳ ሰው ከሆነ አትንኩት፣ ለስኳር መውረድ የሚቀመጠውን ስኳር ደግሞ በፍጹም አታርቁት። መንገዱ ላይ ያለውን ሁሉ አስነሡ፤ የምንጣፍ ጠርዝ፣ ገመድ፣ የሚንሸራተት ቄጠማ። እግሩ ለሚደነዝዝ ሰው የምድጃ ሥራ አትስጡ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ከሜሪላንድ ነው የምጽፈው። እዚህ በአማርኛ የስልክ ምክር ለሚሰጡ የሚጠቅም ነገር ልጨምር። ታክሲና ኡበር የሚነዱ ወገኖች ተቀምጠው የሚውሉት ቤት ውስጥ አይደለም፣ ስለዚህ ጆግ ማራቅ አይሠራም። ለእነሱ ማሰሪያው የጉዞ ማብቂያ ነው። ኤርፖርት ተራ ሲጠብቁ ሞተር አጥፍተው ይውረዱ፣ መኪናውን ሁለት ጊዜ ይዙሩ፣ በሩን ይዘው 20 ጊዜ ተረከዝ ያንሱ። ይህ ሁሉ 3 ደቂቃ አይሞላም። ነዳጅ ሲቀዳ መኪናው ውስጥ መቀመጥ የለም።

የማይናገሩት ችግር ሽንት ነው። መጸዳጃ ቤት ስለማይገኝ የግፊት መድኃኒታቸውን ይዘላሉ፣ ውሃም አይጠጡም። በመጀመሪያው ጥሪ «ሥራ ላይ ሲሆኑ ሽንት ቤት የት ይገባሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ስለ መድኃኒቱም ስለ መቀመጡም በአንዴ ይነግራችኋል። የመድኃኒቱን ሰዓት የሚለውጠው ግን ሐኪሙ ነው።

ክንድ ላይ የሚለጠፍ የስኳር መለኪያ ያደረገ ሰው ካለ ደግሞ ብዙ ማውራት አያስፈልግም። ከምሳ በኋላ የተቀመጠበትን ቀንና የተነሳበትን ቀን መስመር ጎን ለጎን ያየዋል። ምሳው ተመሳሳይ ይሁን እንጂ፤ አንዱ ቀን እንጀራ ሌላው ቀን ሰላጣ ከሆነ ማነፃፀሪያ አይደለም።

ልኬት_ወዳጅ

ስለ መለካት። የእጅ ሰዓትና የስልክ እርምጃ ቆጣሪ እርምጃ ነው የሚቆጥረው፤ መቆምንና መቀመጥን አይለይም። ሊጥ የምታቦካ ሴት ተቀምጣ እጇ ስለሚንቀሳቀስ እንደ እርምጃ ሊቆጠርላት ይችላል። ኪስ የሌለው ቀሚስ የለበሰች ደግሞ ስልኩን መደርደሪያ ላይ ትታው ስለምትሄድ ቀኑን ሙሉ የተቀመጠች ትመስላለች። ተመራማሪዎች አክቲቭፓል የሚባለውን ጭን ላይ የሚለጠፍ መለኪያ የሚጠቀሙት ለዚህ ነው፤ የጭኑን አቅጣጫ አይቶ መቀመጥን ከመቆም ይለያል።

በሌላችሁ ነገር አትጨነቁ። ሁለት ስኒና 10 ባቄላ ይበቃል። በተነሱ ቁጥር አንዱን ባቄላ ከአንዱ ስኒ ወደ ሌላው ያሻግራሉ፣ ማታ ቁጥሩን ትጠይቃላችሁ። ማንበብ ለማይችሉ ይሠራል። አንድ ማሳሰቢያ፦ ስኒዎቹ ከወንበሩ አጠገብ ከሆኑ ተቀምጠው ነው የሚያሻግሩት። ጆጉ አጠገብ ይቀመጡ።

ለጉልበት ደግሞ የ30 ሰከንድ የወንበር ፈተና በመጀመሪያው፣ በ8ኛውና በ16ኛው ሳምንት። ወንበሩ እጀታ የሌለው፣ ከመሬት 43 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው፣ ጀርባው ግድግዳ የነካ። እጅ ደረት ላይ ተጣምሮ በ30 ሰከንድ ስንቴ ሙሉ በሙሉ ቆሙ የሚለው ይቆጠራል። አጠገባቸው ሰው ቆሞ ካልሆነ በስልክ አታሠሩ። ከ60 እስከ 64 ዓመት ላሉ ወንዶች ከ14 በታች፣ ለሴቶች ከ12 በታች ደካማ ነው። በሶፋ የተሠራ ፈተና አይቆጠርም፣ በተለያየ ወንበር የተሠራም አይነፃፀርም።

አዳማ_አሠልጣኝ

የጥሪውን ብዛት ማንም አልመለሰም። ዴንማርክ ውስጥ 150 የመገጣጠሚያ ብግነት ሕሙማን ላይ የተሠራና በ2017 የታተመ ጥናት አለ። በ16 ሳምንት ውስጥ የሰጡት ሦስት የግል ምክክርና የስልክ መልእክት ብቻ ነው። ምክር ያገኙትና ያላገኙት በቀን የሚቀመጡበት ሰዓት ልዩነት ከ2 ሰዓት በላይ ሆነ፣ የተለካውም ጭን ላይ በሚለጠፈው መሣሪያ ነው። ጥሪ ማብዛት ግዴታ አይደለም ማለት ነው። በእኔ አስተያየት ለእኛ የሚስማማው በ0፣ 1፣ 3፣ 6፣ 10 እና 16ኛው ሳምንት ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በቀር 10 ደቂቃ ይበቃል። የ1ኛው ሳምንት ጥሪ አይዘለልም፤ የተጀመረው የሚቆመው በዚያ ሳምንት ነው።

በአንድ ጥሪ አንድ ለውጥ። «እሺ» ሲሏችሁ እንደ ስምምነት አትቁጠሩት፤ ለደወለ ባለሙያ እንቢ የሚል ሽማግሌ የለም። «እስቲ ነገ ከምሳ በኋላ የሚያደርጉትን ይንገሩኝ» በሉ። ቀጥሎ «ከ10 ስንት ይተማመናሉ?» ከ7 በታች ከሆነ ዕቅዱን አሳንሱት፤ ሦስቴ የነበረው አንዴ ይሁን። «በእግዚአብሔር ፈቃድ» ወይም «ኢንሻአላህ» ካሉ ቁጥሩን ድጋሚ አትጠይቁ። «ምን ሊያስቀርዎት ይችላል?» የሚለው የተሻለ መልስ ያመጣል።

ክትትል_ክፍል

እናመሰግናለን፣ ከጠበቅነው በላይ ነው። የመልእክቱን ረቂቅ ተመልከቱልን፦ «ጤና ይስጥልኝ፣ ዛሬ ከምሳ በኋላ በየግማሽ ሰዓቱ ተነስተው ለ3 ደቂቃ ያህል ቤት ውስጥ እንዲራመዱ በአክብሮት እናሳስባለን።» በየቀኑ 14፡00 ላይ እንዲላክ ነው ያሰብነው። ጾም ሲሆንስ ምን እናድርግ? የሳንባና የኩላሊት ሕሙማንም ይካተቱ የሚል ሐሳብ አለ።

ልኬት_ወዳጅ

ክፍተቱን ጨምሮ 77 ፊደል ነው። በላቲን ፊደል አንድ ኤስኤምኤስ 160 ይይዛል፣ በግዕዝ ፊደል ግን 70 ብቻ፤ ስለዚህ ይህ የሁለት መልእክት ሒሳብ ያስከፍላችኋል። ደግሞም የቀበሌ ማስታወቂያ ይመስላል። እንዲህ አድርጉት፦ «ጋሼ፣ ዜናው ሲያልቅ ጆጉ ጋ ደርሰው ይመለሱ። ሲነሱ ቀስ ይበሉ።» 40 ፊደል። ጋሼ፣ እትዬ፣ እማማ የሚለው ራሳቸው በጥሪው ላይ በመረጡት ይሁን። አንዳንድ ተራ ስልክ የግዕዝን ፊደል በባዶ ሳጥን ነው የሚያሳየው፤ አንድ ልካችሁ «ምን ይላል?» ብላችሁ ደውሉ። ካልታየ ወይም ካላነበቡ መልእክቱን ትታችሁ ሚስድ ኮል አድርጉ፦ በተስማሙበት ሰዓት አንዴ ጠርቶ ይዘጋል፣ ትርጉሙም መነሳት ነው።

14፡00 የሚለው መላኪያው ላይ ይቅር፤ ለሕሙማኑ ግን 8 ሰዓት ነው። ከእነሱ ጋር የምትነጋገሩበት ወረቀት ላይ ሁለቱ ከተደባለቁ ጥሪ በ6 ሰዓት ልዩነት ትስታላችሁ።

ነርስ_ሀዋሳ

ጾም፦ እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ «ከምሳ በኋላ» የሚለው ወደ 9 ሰዓት ተኩል ይዛወር፣ በረመዳን ደግሞ ከኢፍጧር በኋላ። ኢንሱሊን ወይም ዳኦኒል የሚወስዱ ሰዎች ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪማቸውን ያነጋግሩ፤ መጠኑ ወይም ሰዓቱ ሊለወጥ ይችላል። ባዶ ሆድ ላይ ስግደት የሚያበዙት እነሱ ከሆኑ የስኳር መውረዱን ነገር ድጋሚ አንሡ። ስኳሩ ዓይናቸውን ያደማባቸው ሰዎች ደግሞ ጭንቅላት ዝቅ የሚልበትንና ትንፋሽ ይዞ የሚሠራውን ሁሉ በቅድሚያ የዓይን ሐኪም ይጠይቁ።

የሳንባ ሕመምተኛ ከሆነ መነሳቱ ላይ ትንፋሽ ይጨመር፦ በአፍንጫ ስቦ፣ ከንፈርን እንደ ፉጨት አሹሎ ቀስ ብሎ እያወጣ ይነሳ። ትንፋሹ እስኪመለስ ቆሞ ይጠብቅ፣ ከዚያ ይራመድ። ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ላይ ያለ ሰው በታጠበበት ቀን አይጠየቅ። ያን ቀን ግፊቱ ይወርዳል፣ ድካሙም እውነት ነው። ዕቅዱን በማይታጠብበት ቀን ብቻ ሥሩለት፤ የስልክ ጥሪውንም እንደዚሁ።

የቤት_ለቤት

በአንድ ጊዜ ሁሉንም አትክፈቱ እንጂ። መጀመሪያ ስኳርና ግፊት፣ ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስዱ፣ እግራቸው የማይደነዝዝ። 16 ሳምንቱን እነሱ ላይ ጨርሱ። የአስታማሚዋን ስም ደግሞ ከሕመምተኛው ስም ጋር አንድ መዝገብ ላይ ጻፉ፤ የሕመምተኛው ስልክ ሲዘጋ የምትደውሉት ለእሷ ነው።